ምሳ ስንቅ አይደለም



ጠረጴዛው ላይ ያለውን አይታችሁ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ ከረጢት ዱቄት፣ ትንሽ ጨውና አንድ ሃይላንድ ውሃ ነው። ዱቄቱ በሶ ነው። ለምን እንዳመጣሁት ኋላ እንደርስበታለን። የዛሬው ጉዳያችን ሩቅ መንገድ ስንወጣ ምን ቋጥረን እንውጣ የሚል ነው። ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር፣ አንድ ቀን ደጀን ላይ ምሳ ዕቃዬን እስክከፍት ድረስ።

ተማሪ ነበርኩ። ለእረፍት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነው። አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስለሚነሣ አክስቴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስንቄን ሠርታ ጨረሰች። ቅቤ የጠጣ የሽሮ ፍትፍት። ትኩሱን ምሳ ዕቃ ውስጥ ገልብጣ ክዳኑን ጥርቅም አደረገችው፤ እንዳይቀዘቅዝብኝ ደግሞ በአሮጌ ጋቢ ጠቀለለችልኝ። ፍቅር ነው፤ ማን ተው ይላታል? ጎሐ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ሙቀቱ በመስኮት እንደ ምድጃ ወላፈን ይገባ ጀመር። ድልድዩን ተሻግረን፣ ዳገቱን እያቃሰትን ወጥተን ደጀን ስንደርስ ሰው ለምሳ ወረደ። እኔ ስንቅ አለኝና ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ክዳኑን ላላ ሳደርገው «ፍስስ» አለ። ጠረኑ ሦስት ወንበር ወደፊት ደረሰ።

ከጎኔ የተቀመጡት እናትም አልወረዱም ነበር። ምሳ ዕቃዬን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ምን ቤት ነው ፍትፍት አስይዞ አባይ የሚያሻግር?» አሉ። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር አንድ ፌስታል አወጡ፤ ኩባያ ውስጥ በሶ ጨመሩ፣ ጨው ቆንጠር አደረጉበት፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ በሦስት ጣት አሹት። ለመያዝ ሲበቃ እፍኛቸው ውስጥ አስገብተው ጭብጥ አደረጉና «እንኪ» አሉኝ። የአራቱ ጣቶቻቸው ምልክት ጭብጦው ላይ እንደ መሰላል ተሰልፎ ይታይ ነበር። ያንን በልቼ ደብረ ማርቆስ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፣ ባልትናም አስተምሬያለሁ። ያ የጎረቤቴ ቁጣ ውስጥ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ነው የገባኝ። አክስቴ የቋጠረችልኝ ምሳ ነው። ምሳ ማለት ተሠርቶ ወዲያው የሚበላ፣ ውሃው ከውስጡ ያለ ምግብ ነው። ስንቅ ሌላ ነገር ነው፤ ውሃው የወጣለት፣ ቀን ቢያልፍበት የማይደነግጥ ምግብ። የድሮ ሰው ምግቡን በስልቻ፣ ውሃውን በቅል ለየብቻ ይዞ ነበር የሚወጣው። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቀን፣ በፕላስቲክ አፍነን፣ ሆዳችንን ሲቆርጠን «መንገድ አልተስማማኝም» እንላለን። መንገዱ ምን አደረገ?

ነገሩን በሳይንሱ በኩል እንየው። ምግብ የሚያበላሹና ሰው የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች እርጥበትና ሙቀት ይፈልጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት እመቤትም ለሆቴልም ብሎ ያወጣው ምክር ላይ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት አደገኛው ነው ይላል፤ የበሰለ ምግብ በዚያ ሙቀት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። እንደ አዋሽና እንደ አባይ በረሃ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አታቆዩት የሚሉ አሉ። የአክስቴን ፍትፍት ቁጠሩት፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት 15 ሰዓት ነው። ጋቢው ደግሞ ጠበቃ ሆኖለት ነበር፣ ለእኔ ሳይሆን ለባክቴሪያው። ትኩስ ምግብ ታፍኖ ሲጠቀለል ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ያድራል። እንፋሎቱም ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል።

«ደርሼ አሞቀዋለሁ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ማሞቅ ባክቴሪያውን ይገድል ይሆናል፤ አንዳንዶቹ ግን ቀድመው የረጩት መርዝ በእሳት አይጠፋም። የሩዝ ነገር በተለይ ይታሰብበት። ሩዝ ውስጥ መቀቀልን ችሎ የሚተርፍ የባክቴሪያ ዘር አለ፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲውል ይፈለፈላል። የልጆች ምሳ ዕቃ ውስጥ ሩዝና ፓስታ አድርጎ ሩቅ መንገድ መውጣት አሁን አሁን ተለምዷል፤ እኔ አልወደውም።

አሁን ወደ ከረጢቱ ልምጣ። ገብሱ ተለቅሞ፣ ተሸክሽኮ፣ ገለባው በሰፌድ ተበጥሮ ይወጣል። ከዚያ በጋለ ምጣድ ላይ እየታመሰ ይቆላል። የቆላች ሴት መብሰሉን ከሽታው ታውቀዋለች፤ የገብሱ መዓዛ ቤቱን አልፎ ደጅ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ ይፈጫል፣ ይነፋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሶ ጥሬ ዱቄት አይደለም። ምጣዱ ላይ እያለ በስሏል፤ ምግብ ለመሆን የቀረው ውሃ ብቻ ነው። እሳት አይፈልግ፣ ድስት አይፈልግ፣ ማንኪያ አይፈልግ። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ደግሞ ሆድ ውስጥ ቶሎ ስለማያልፍ ጠዋት የበላ ሰው እስከ ቀትር ይቆያል። ጠጥቶ መዋል የፈለገ ቀጠን አድርጎ በጥብጦ ይጠጣዋል።

ታዲያ አንድ ስሕተት አለ፣ ባለሙያ የሚባሉትም ይሠሩታል። ጭብጦውን ሌሊት ቤት ውስጥ አሽተው፣ ደርድረው ይወጣሉ። ውሃ የነካ በሶ ስንቅነቱ አበቃ፤ ምሳ ሆኗል፣ የምሳ ሰዓት ይቆጠርበታል። ዱቄቱን ደረቁን ያዙ፤ የምትበሉበት ቦታ ላይ እሹት። አሽቶ መሄድ ግድ ከሆነ በውሃ ፋንታ በንጥር ቅቤ እሹት፤ ያኔ ጭኮ ይሆናል። ቅቤ ሲነጠር ውስጡ ያለው ውሃ ተንጫጭቶ ያልቃል፣ አተላው ይለያል። ስለዚህ ጭኮ ውስጥ ውሃ የለም፤ ሳምንታት ቢቀመጥ አይሻግትም። ለጋ ቅቤ ግን ውሃ አለውና ይህን አይሠራም። ጭኮ ጉልበቱ ከባድ ነው። ለእግረኛና ለገበሬ ተስማምቶት ኖሯል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው የእንቁላል መጠን ያህል ይበቃል።

አማርኛ «ስንቅና ትጥቅ» ሲል ስንቅን ማስቀደሙ ደስ ይለኛል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት አብዛኛው ስንቁን ከየቤቱ ቋጥሮ የሄደ ነው፤ ያም ሆኖ ጦርነቱ ሊገጠም ሲል ሰፈሩ ውስጥ ስንቅ እየተመናመነ ነበር። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፤ እነዚህን ስትደረድሯቸው ሁሉም አንድ ጠባይ አላቸው። አንዱ በምጣድ፣ አንዱ በፀሐይ፣ አንዱ በጨውና በበርበሬ ውሃውን አጥቷል።

ስለ ቆሎ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ይህ አዳራሽ ውስጥ ቆሎ የማይወድ ካለ እጁን ያውጣ። ገብሱን ብቻ አትያዙ፤ ሽምብራና ለውዝ ቀላቅሉበት። ሽምብራ ከመቶ 20 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ለውዝ ከዚያም ያልፋል፣ ግማሹ ደግሞ ዘይት ነው። ለውዙን ስትገዙ ግን ቅመሱት። እርጥበት ላይ የከረመ ለውዝ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው መርዝ ደግሞ ጉበት ይጎዳል፣ በመቆላትም ተጠርጎ አይጠፋም። የመረረ፣ የጠቆረ፣ የተጨማደደ ፍሬ ይጣል። «ሌላው ጥሩ ነው» ብሎ ማዳረስ አያዋጣም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ እናቶችና አባቶች ጆሮ ስጡኝ። ቆሎና ሙሉ ለውዝ ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። መኪና ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም። ልጁ ይስቃል፣ መኪናው ጉድጓድ ይገባል፣ ፍሬዋ በምግብ ቧንቧ ፋንታ በአየር ቧንቧ ትሄዳለች። የኋላ ወንበር ላይ የታነቀ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ድምፁ ነውና የተዘጋው። እናቱ ተኝቶ ሊመስላት ይችላል። ልጅ ከታነቀ በጣት መጎርጎር ፍሬዋን ወደ ውስጥ ይገፋታል። ዓመት ያለፈውን ልጅ ወደፊት አጎንብሶ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል በመዳፍ ተረከዝ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው መጀመሪያው። ለልጅ ሙዝ ያዙለት፣ የዳቦ ልብ ያዙለት። በሶውንም በማር እናሽለታለን ካላችሁ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቅመስ፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር የጨቅላን አንጀት ያጠቃል።

ፍራፍሬ ውሃ አለው፣ ታዲያ እንዴት ስንቅ ይሆናል ትሉኝ ይሆናል። ውሃውን በገዛ ቆዳው ቋጥሮ ስለሚመጣ ነው። ብርቱካንና መንደሪን ያልተላጡ ይሁኑ፤ የተላጠ ብርቱካን ምሳ ነው። ሙዝ ከላይ ይሁን፤ ከታች የገባ ሙዝ ደጀን ሲደርስ ገንፎ ነው። ማንጎ እወዳለሁ፣ ግን አውቶቡስ ውስጥ ማንጎ የሚበላ ሰው እጁንም ጎረቤቱንም ያጣብቃል። ካሮት ታጥቦና ደርቆ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል።

የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ቢሆንም ከምሳ ወገን ነው፤ በቁርስ ሰዓት በልታችሁ ተገላገሉት። ሌላም ጣጣ አለው። መስኮቱ የተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ እንቁላል መላጥ በሕግ አልተከለከለም፤ ሊከለከል ግን ይገባዋል።

አገራችን ላይ ስንቅ የራስ ብቻ አይደለም። ፌስታሉን የፈታ ሰው ዞር ብሎ «እንብላ» ሳይል አይጎርስም። ጎረቤቱም «ይባርክልኝ» ይላል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲለመን ግን እጁን ይዘረጋል። ስለዚህ ለአንድ ሰው የሚበቃ ስንቅ መያዝ ስሌቱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ከጎናችሁ የሚቀመጠውን ግን አታውቁትም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ይሆናል። ሙስሊም ይሆናል፤ እናንተ ክርስቲያን ከሆናችሁ ቋንጣችሁን አይበላም፣ እናንተም የእሱን አትበሉም። ስኳር በሽታ ያለበትም ይሆናል። ቆሎውን ስትዘረጉለት ግን ማንም አያፍርም። ደረቅ የእህል ስንቅ ከጤናው ሌላ ይህን ያህል ነጻነት አለው። በረመዳን ደግሞ ጎረቤታችሁ የጾመ እንደሆነ የእናንተን ራብ ለተወሰነ ሰዓት ብትታገሡለት አትሞቱም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቴምር የሚያወጣው እሱ ነው።

ወደ ውሃው ልግባ፤ ዋናው ችግር እዚህ ነው። እውነቱን እንነጋገር፤ ሴቶች መንገድ ላይ ውሃ አንጠጣም። ያልጠማን ሆኖ አይደለም። አውቶቡሱ የሚቆመው ሾፌሩና ረዳቱ የሚያውቁት ምግብ ቤት በር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ሽንት ቤት ደግሞ፣ ምግብ እያወራን ስለሆነ ልተወው። ወንዱ ከመኪናው ጀርባ ዞር ይላል፤ ሴቷ ከንፈሯን ነክሳ ደብረ ማርቆስን ትጠብቃለች። ውጤቱ ራስ ምታት ነው፣ ድርቀት ነው፣ ለሳምንት የሚያቃጥል ሽንት ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ እንደሚያደርግ፣ አደጋውም ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ጥናት አስታውቋል። ጥናቱ አውሮፕላንን ብቻ አይልም፤ አውቶቡስም መኪናም ያው ነው።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። በዋዜማው ቀን በደንብ እጠጣለሁ። መንገድ ላይ በየሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ እንጂ አንድ ሃይላንድ በአንድ ትንፋሽ አልገለብጥም። ረዳቱን ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ እነግረዋለሁ፤ «ወንድሜ፣ ከተማ ስንደርስ ሴቶች እንወርዳለን» እላለሁ። አንዷ ስትናገር አሥር ሆነው ይወርዳሉ፤ ሁሉም አፍረው ነው የተቀመጡት። ለእግሬ ደግሞ ተረከዝና ጣት እያፈራረቅኩ ወለሉን እረግጣለሁ።

ለስላሳ መጠጥ ውሃን አይተካም። በአንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሻያችሁን ስምንት ማንኪያ ስኳር ጨምራችሁ አትጠጡትም። ብስኩቱም የዚያው ዘመድ ነው፣ ለአንድ ሰዓት ያጠግባል፣ ከዚያ ራብ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። መንገድ ላይ ተቅማጥ ቢመጣ ግን ስኳር መድኃኒት የሚሆንበት ልክ አለ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ ሳይከመር። የስኳር ሕመምተኛም ኪሱ ውስጥ ስኳር አይለየው፤ ላብ ላብ፣ ብርክ ብርክ ሲለው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ወስዶ 15 ደቂቃ ይጠብቅ። ኢንሱሊኑን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አያስቀምጥ።

የአባይን ቁልቁለት የሚያውቅ ማስመለስንም ያውቃል። ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዙ መውረድ ነው። ባዶ ሆድም አይረዳም፣ ቅባት የበዛበት ሆድም አይረዳም፤ ከመውረዳችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ትንሽ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ ቅመሱ፣ ስልካችሁን ዝጉና ሩቅ ያለውን ተራራ እዩ። ሎሚ ማሽተት የሚያግዛቸው ሰዎች አሉ፤ ከጎረቤት የሚመጣውን ጠረን መሸፈኑ ብቻም ትልቅ ነገር ነው። በነገራችን ላይ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ግማሹን ጠጥታችሁ አጥብቃችሁ የዘጋችሁትን ሃይላንድ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ እዩት፤ የጨመቁት ይመስል ጎኑ ገብቷል። ቆላው ላይ አየሩ ስለሚከብድ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ እርጎ ወይም የፈላ ነገር ቆላ ላይ ሞልቶ ዘግቶ ደጋ የሚወጣ ሰው ልብሱን ለማጠብ ይዘጋጅ።

የቀረኝ አቀማመጡ ነው። አንድ ጊዜ ሁሉን ነገር እንደዚህ አሳምሬ ቋጥሬ፣ ሻንጣውን ረዳቱ ጣራ ላይ ጫነብኝና ስምንት ሰዓት ሙሉ ስንቄ ከራሴ በላይ፣ እኔ ከስንቄ በታች ሆነን ሄድን። ስንቅ ጭን ላይ ወይም እግር ሥር ነው። እኔ አሁን የምይዘው ይህ ነው። አንድ ኩባያ በሶ በሁለት ፌስታል፣ ጨው በወረቀት፣ ሁለት እፍኝ ከሽምብራ የተቀላቀለ ቆሎ፣ ደረቅ ቂጣ፣ አራት ብርቱካን፣ ሁለት ሙዝ፣ የሚጠጣ ውሃ አንድ ሊትር ተኩል። ለብቻው ደግሞ ትንሽ ውሃና ቁራጭ ሳሙና፣ ይህ ለእጅ ነው። ሦስት ባዶ ፌስታል፤ አንዱ ለልጣጭ፣ አንዱ ለሚያስመልሰው ሰው፣ ሦስተኛው ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ ያልተጠቀምኩበት ጉዞ ግን የለም።

ጭብጦ እንዴት እንደሚታሽ ማየት የምትፈልጉ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ከፊት የተቀመጣችሁት ልጆች ብትጀምሩ ጥሩ ነው። የእጅ መታጠቢያው በበሩ በስተግራ ነው፤ ሳሙና አስቀምጫለሁ። ውሃውን አንዴ አትገልብጡት፣ ጠብ ጠብ ነው የሚባለው።